ሁለት ባላ፤ ስለ ባለቅኔነትና ስለ ፍልስፍና መምህርነት

አባቶቻችን፦ ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል፤ ብለዋል። እነዚሁ አባቶች ደግሞ ሁለት ነገር ተመኝቶ ሁለቱንም ያላገኘውን ሰው፦ ከሁለት ያጣ ጎመን፤ ይሉታል። ሁለቱ ምሳሌዎች ለጊዜው እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ። ነገር ግን ቀርቦ ለመረመራቸው ጠብ የለባቸውም። ሁለቱ ባላዎች አንዱን ጣራ የሚሸከሙ ከሆኑ ቤቱ ይጸናል፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቆመው ሰውዬው ከአንዱ ወደ አንዱ የሚሮጥ ከሆነ ግን ድካሙ ብቻ ይተርፈዋል።

እንግዲህ ባለቅኔ ሆኖ ፍልስፍና የሚያስተምር ሰው ከነዚህ ከሁለቱ ምሳሌዎች የትኛው ይገባዋል? ቀን ቀን ለደቀ መዛሙርት ስለ እውነትና ስለ ሐሰት፥ ስለ ነፍስና ስለ ምክንያት ሲያስረዳ የዋለ ሰው ማታ ግጥም ሊጽፍ ቢቀመጥ፥ የቀኑ ሥራ ይረዳዋልን ወይስ ጉልበቱን ይጨርስበታልን? ይህ ጥያቄ የሩቅ አገር ሰዎች ጥያቄ ብቻ አይደለም። ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎቻችን አመክንዮና ሒሳዊ አስተሳሰብ የተባለው ትምህርት ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች ይሰጣል። የወሎ ዩኒቨርሲቲም በደሴና በኮምቦልቻ ጉባኤውን ዘርግቷል። ስለዚህ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው 25 ኪሎ ሜትር በሚያኽለው ቁልቁለት የሚመላለስ፥ ቀን አመክንዮ የሚያስተምር፥ ማታ ስንኝ የሚቋጥር መምህር ቢገኝ፥ ይህ ነገር በቀጥታ የእርሱ ነገር ነው።

አስቀድመን በውጭ አገር የሆነውን እንመልከት። ጆርጅ ሳንታያና የተባለው በስፔን አገር ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ ሊቅ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1889 ጀምሮ በሐርቫርድ ፍልስፍና አስተማረ። በ1894 የግጥም መጽሐፍ አሳተመ። በ1910 ደግሞ ሉክሬቲየስን፥ ዳንቴንና ጎቴን ሦስት ፈላስፎች ባለቅኔዎች ብሎ የሚመረምር መጽሐፍ አወጣ። የማስተማሩ ሥራ ግን ከበደው፤ ስለዚህ በ1912 መንበሩን ለቅቆ ወደ ኤውሮጳ ሄደ፤ በ1952 በሮም እስኪሞት ድረስም ወደ ማስተማር አልተመለሰም። አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል። ይህ ሰው ከመምህርነት ነፃ በወጣ ጊዜ ግጥሙ እንደ ምንጭ ይፈልቃል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ ነገር ግን ከግጥሞቹ የሚበዙት አስተማሪ ሳለ የጻፋቸው ናቸው። ጊዜ ባገኘበት ዘመን የጻፈው አብዛኛው ስድ ንባብ ነው። እንግዲህ ባለቅኔን የሚያደርቀው የጊዜ ማጣት ብቻ አይደለም፤ ባለቅኔን የሚያለመልመውም ዕረፍት ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ሙሐመድ ኢቅባል ነው። በ1877 በሲያልኮት ተወልዶ በላሆር ኮሌጅ ፍልስፍና ያስተማረ፥ ኋላም በካምብሪጅና በሙኒክ ተምሮ ስለ ፋርስ አገር ፍልስፍና በጻፈው ጽሑፍ የዶክተርነት ማዕርግ የተቀበለ ሰው ነው። ወደ አገሩ ከተመለሰ ከጥቂት ዓመት በኋላ መምህርነቱን ትቶ በጥብቅና ሥራ ኖረ። ፍልስፍናውን ግን አልተወም። በ1915 ስለ ሰው ራስነት የሚናገረውን ትምህርቱን በፋርስኛ ግጥም አድርጎ አወጣው። ይህ ሰው ያስተምርበት የነበረውን ክፍል ለቅቆ ግጥሙን ራሱን ክፍል አደረገው ማለት ነው።

ሁለቱም ታላላቅ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን በሁለቱም ኑሮ የሚታየው፥ ማስተማርና መቀኘት ሁለት ሥራ መሆናቸው ነው። አንዱ በቀን፥ አንዱ በሌሊት፤ አንዱ ለእንጀራ፥ አንዱ ለነፍስ። ስለዚህም ሁለቱም ከሁለቱ አንዱን ለመልቀቅ ተገደዱ። የኛ አገር የቅኔ መምህር ግን ይህን ምርጫ አያውቀውም። ምክንያቱን ለማያውቅ የከተማ ሰው በአጭሩ ላስረዳ።

በቅኔ ቤት ተማሪ አስቀድሞ ግስ ያወርዳል፥ እርባ ቅምር ያጠናል፥ አገባብ ይማራል። ከዚያ በኋላ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፥ አምስት ቤት ወዳለው ወደ ዋዜማ፥ ስድስት ቤት ወዳለው ወደ ሥላሴ፥ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ እያለ ይወጣል። መምህሩ የሌላውን ሰው መጽሐፍ ዘርግቶ፦ እገሌ እንዲህ ብሏል፤ ብቻ ብሎ አይለያይም። እርሱ ራሱ ለተማሪዎቹ አዲስ ቅኔ ይዘርፍላቸዋል፤ ምሥጢሩንም ይፈታላቸዋል። ተማሪውም በየጥሻውና በየዛፉ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም የጎደለውን ይሞላል፥ የተጣመመውን ያቀናል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም። እንግዲህ በዚህ ቤት መምህሩ ካልተቀኘ አያስተምርም፤ ካላስተማረም የሚቀኝበት ጉባኤ የለውም። ሁለቱ ባላዎች አንድ ጣራ ተሸከሙ ማለት ይህ ነው።

አንባቢ፦ ይህስ ግጥም ማስተማር ነው እንጂ ፍልስፍና ማስተማር አይደለም፤ ይለኝ ይሆናል። መልሱን በቃል ብቻ ከማቅረብ በምሳሌ ማሳየት ይሻላል። ግእዝ ላልተማረም እንዲገባ በአማርኛ ለዚህ ጽሑፍ ብዬ የቋጠርሁት ይህ ነው፤

ሲቆጥር የሚያድር ያ ባለጸጋ ሰው፥
ጎተራው ባዶ ነው ሲነጋ ስናየው።

ሰሙ ግልጥ ነው። ሌሊቱን ሁሉ ገንዘቡን ሲቆጥር የሚያድር ንፉግ፥ ሲነጋ ሌባ ዘርፎት ባዶ ቤት ታቅፎ ቀረ። ወርቁ ግን ሌላ ነው። ቆጠረ የሚለው ቃል በቅኔ ቤት ተቀኘ ማለት ነውና፥ ባለጸጋው የቅኔ መምህር ነው። ሌሊት የቆጠረውን በማኅሌት ተናግሮ ስለ ሰጠው ሲነጋ በእጁ የቀረ የለም። አንድም፥ ዕድሜውን እየቆጠረ የሚኖር ሰው ሁሉ ነው፤ የቆጠረውን ያህል ይጎድልበታልና። አሁን መምህሩ ተማሪውን፦ ንፉጉና መምህሩ ሁለቱም ባዶ ቀሩ፤ ልዩነታቸው ምንድር ነው? ብሎ ቢጠይቀው፥ ተማሪው ስለ ሀብት ምንነት መመርመር ይጀምራል። ሀብት የሚባለው የተያዘው ነውን ወይስ የተሰጠው? ተወስዶ የጎደለና ተሰጥቶ የጎደለ አንድ ናቸውን? ይህ ጥያቄ ፍልስፍና ካልሆነ ፍልስፍና የሚባለው ምን እንደ ሆነ አላውቅም። ቅኔ ተማሪውን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው፥ የነገር ላይኛው ፊት የነገር ፍጻሜ አለመሆኑን ነው። ይህንም በትእዛዝ አይነግረውም፤ ራሱ እስኪያገኘው ድረስ ያስጠብቀዋል እንጂ።

ፍልስፍና የሚለውም ቃል ለመጻሕፍታችን እንግዳ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት አባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ ከጥንት ጀምሮ በሊቃውንት እጅ ነበረ። በ20ኛው መቶ ዓመትም ክሎድ ሰምነር የተባለው የካናዳ ተወላጅ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1953 ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ፍልስፍና ሲያስተምር፥ ይህንና የመሳሰሉትን የግእዝ መጻሕፍት መርምሮ በአምስት ክፍል አሳትሟል።

እስከዚህ ድረስ የቅኔ ቤትን አመሰገንሁ። ነገር ግን የገዛ ቤቱን ጉድለት የማይናገር ሐያሲ አወዳሽ ነው እንጂ ሐያሲ አይባልም፤ ስለዚህ ሦስት ነውሮችን እናገራለሁ።

አንደኛው፥ ቅኔ ሐሳብን እንደ መብረቅ ይገልጣል፤ እንደ መብረቅም ያልፋል። ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ታላቅ ጥያቄ ያነሣል፤ ነገር ግን ጥያቄውን ከሥሩ እስከ ጫፉ ተከትሎ፦ ይህ ከሆነ ያ ይሆናል፤ ያ ካልሆነ ግን ይህ ይፈርሳል፤ እያለ አይሄድም። ፍልስፍና የሚሻው ግን ይህን ረጅም ጉዞ ነው። ሁለተኛው፥ ባለቅኔ ብዙ ጊዜ በመኳንንት ፊት ስለሚቆም፥ ወርቁ ወደ ውዳሴ ያዘነብላል። ምሥጢር የተባለውም አንዳንድ ጊዜ የሹም ስም ከመጽሐፍ ስም ጋር ማጋጠም ብቻ ይሆናል። ሦስተኛው፥ ለመሰወር ብቻ የሚሰወር ቅኔ አለ። ሰሙ ቢቀልጥ በውስጡ ወርቅ አይገኝም፤ ሌላ ሰም ይገኛል እንጂ። እንዲህ ያለውን ቅኔ ሰሚው ስላልገባው ያደንቀዋል፤ ተናጋሪውም አለመግባቱን ዕውቀት ያደርገዋል።

የመጀመሪያውን ጉድለት ለማየት የዘርዐ ያዕቆብን ሐተታ ማንሣት ይጠቅማል። በዚያ መጽሐፍ እንደ ተጻፈው፥ ዘርዐ ያዕቆብ በአክሱም አውራጃ ከድኻ ገበሬ ተወልዶ ለዜማ ትምህርት ተሰጠ። ነገር ግን ድምፁ ሻካራ ስለ ሆነ ከሦስት ወር በኋላ ወደ ሰዋስውና ቅኔ ትምህርት ሄደ። በዚያም አራት ዓመት ተማረ፤ ትርጓሜ መጻሕፍትንም ዐሥር ዓመት አጠና። ኋላም በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ በተከዜ አጠገብ በዋሻ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ከዚያ ወጥቶ በእንፍራዝ ሀብቱ በተባለ ባለጸጋ ቤት መጽሐፍ እየጻፈና ልጆቹን እያስተማረ ኖረ። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወትም የራሱን ሐተታ ጻፈ።

ይህ መጽሐፍ በእርግጥ የኢትዮጵያዊ ድርሰት ስለ መሆኑ ክርክር አለ። መጽሐፉን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1850ዎቹ ለአንቷን ዳባዲ የላከው የኢጣልያው መነኵሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920፥ ኤውጌን ሚትቮህም በ1934፦ ደራሲው መነኵሴው ራሱ ነው፤ ብለዋል። ክሎድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ተከራክሯል። ክርክሩ ዛሬም አልተፈጸመም። ለያዝነው ነገር የሚጠቅመን ግን ይህ ነው፤ ደራሲው ማንም ይሁን ማን፥ ኢትዮጵያዊ ፈላስፋን ሊያሳየን በወደደ ጊዜ ከቅኔ ቤት አሳልፎ አመጣው። ደግሞም ሐሳቡን ሁሉ በቅኔ አላስቀረውም፤ ተራ በተራ በሚሄድ በሐተታ አስፋፋው እንጂ። የቅኔው ጥያቄ የሐተታ እግር ካልተተከለለት ሩቅ እንደማይሄድ ከዚህ ይታወቃል።

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ። ይህ አገር ለቅኔ ባዕድ አይደለም። ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ከሦስቱ የቅኔ ቤቶች አንዱ የሆነው ዋድላ በወሎ ምድር ነው። ከቅኔ አባቶች እንደ አንዱ የሚቈጠረው ዮሐንስም ገብላዊ የተባለ በገብላ አገር መሆኑን ሊቃውንት ይተርካሉ። ከደሴ ከተማ በስተሰሜን ያለው ቦሩ ሜዳም በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ስፍራ ነው። በዚያው በቦሩ ሥላሴ ያስተማሩት መምህር አካለ ወልድ ስማቸው እስከ ዛሬ አልተረሳም፤ በደሴ የሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስማቸው ይጠራል። ነገር ግን በዚያ ትምህርት ቤት በር በየማለዳው ከሚገቡት ልጆች ከመምህር አካለ ወልድ ንግግር አንዲት ቤት በቃሉ የያዘ ስንቱ ነው? ስማቸው በግድግዳ ላይ ተጽፏል፤ ቃላቸው ግን የት ተጻፈ? ለመምህር ከዚህ የሚበልጥ ጥፋት የለም።

በዚሁ በወሎ የእስልምና መምህራን ያደረጉትን ብናስተያይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። እነርሱም እንደኛ መምህራን፥ እንደኛ ገጣሚዎች ናቸው፤ ቀን ደረሳ ያስተምራሉ፥ መንዙማም ይደርሳሉ። እንደ ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ያሉት አማርኛውን በዐረብ ፊደል ጽፈውታል። መንዙማ ግን በየጉባኤው ተደጋግሞ ስለሚዜም ደረሳው በቃሉ ይይዘዋል፥ ይገለብጠዋልም። የኛ ቅኔ ክብሩ አለመደገሙ ስለ ሆነ፥ ያው ክብሩ መጥፊያው ሆነ። በአንድ ማኅሌት ተነግሮ ያበቃል፤ ብልህ ተማሪ ካልቀለበው በቀር ከመምህሩ ጋር ይቀበራል። እንግዲህ የቅኔ መምህር ከሳንታያናና ከኢቅባል በአንድ ነገር ይበልጣል፤ በአንድ ነገር ያንሳል። ሥራው ስላልተከፈለበት ይበልጣል፤ ሥራው ስላልቀረለት ያንሳል።

ይህን ጉድለት ያዩ ሰዎች ከዚህ በፊት አልታጡም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1918 ዓ.ም. የቀደሙትን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው አሳተሙ። መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬም በ1963 ዓ.ም. ዝክረ ሊቃውንት የተባለውን መጽሐፈ ቅኔ አወጡ። ከሁሉ ይልቅ ግን ለዚህ ነገር አብነት የሚሆነው መንግሥቱ ለማ ነው። እርሱ ራሱ ባለቅኔና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረ ሰው ነው፤ በውጭ አገርም ተምሯል። ይሁን እንጂ የቅኔ መምህር የነበሩትን አባቱን አለቃ ለማ ኃይሉን ፊት ለፊት ተቀምጦ እየጠየቀ፥ የሚናገሩትንም በአነጋገራቸው ለዛ እንዳለ መዝግቦ፥ በ1959 ዓ.ም. መጽሐፈ ትዝታ ብሎ አሳተመው። የዚህ መጽሐፍ ብልጫ፥ ጸሐፊው በአባቱ ቃል ላይ የራሱን ቃል አለመጫኑ ነው። አንባቢው የተማሪ ቤቱን ኑሮ፥ የመምህራኑን ጠባይና የቅኔውን ምሥጢር ከባለቤቱ አፍ ይሰማል። ብዙ የምርምር መጽሐፍ ያላደረገውን ይህ ትሕትና አደረገው። ልጁ ለጥቂት ጊዜ ባለቅኔነቱን ትቶ ጸሐፊ ሆነ፤ በዚህም የአባቱ ጉባኤ እንዳይበተን ያዘው።

አንድ ሰው፦ መጽሐፍስ ይጠፋ የለምን? ቢለኝ እውነት ብሏል። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል። ወረቀት ይቃጠላል፤ ሽማግሌም ይሞታል። ነገር ግን ሁለት ባላ ትከል የተባለው ለዚሁ ነው። በቃል የተያዘ በጽሕፈት ቢደገፍ፥ የተጻፈውም በቃል ቢጠና፥ አንዱ ሲሰበር አንዱ ይይዛል። በቃል ብቻ ያለ ባንድ ትኩሳት ይጠፋል፤ በወረቀት ብቻ ያለም ባንድ ክብሪት ይጠፋል።

እንግዲህ ፍርዴን ልናገር። የባለቅኔ ኑሮ ከመምህርነት ጋር አይጣላም፤ የሚጣላው መምህርነቱ ከሌላው ሰው ሐሳብ ዕቃ አመላላሽነት በቀር ሌላ ያልሆነ እንደ ሆነ ነው። ዛሬ አመክንዮ የሚያስተምር ገጣሚ፥ የተማረውን የአርስጣጣሊስን ሥርዐት ይዞ፥ አንዲት ጉባኤ ቃና በክፍሉ ፊት ቢዘረጋና፦ ይህች ቅኔ ምን ትላለች? ያለችውስ ይከተላልን? ብሎ ከተማሪዎቹ ጋር ቢመረምራት፥ ቅኔው የጎደለውን ሐተታ ያገኛል፤ አመክንዮውም የጎደለውን ሕይወት ያገኛል። ማታ ወደ ግጥሙ ሲመለስም ባዶ እጁን አይመለስም፤ የቀኑ ጥያቄ በእጁ ነውና። እንዲህ ያለው ሰው ሥራ የሚመዘነው በመጽሐፉ ብዛት አይደለም። ካስተማራቸው መካከል ያልተነገራቸውን ጥያቄ ራሳቸው ማንሣት የቻሉ ስንት ናቸው? ግጥሙስ ትምህርቱን ደግሞ የሚያነበንብ ነውን ወይስ ትምህርቱ ያልደረሰበት የሚደርስ? ሐያሲ በእነዚህ በሁለቱ ይመዝነው።

የጉባኤ ቤት አለቆችም አንድ ነገር ያድርጉ። በእያንዳንዱ ቅኔ ቤት አንድ መዝገብ ይኑር፤ ጽሕፈቱ ያማረ አንድ ተማሪ ይመረጥ፤ መምህሩ የተናገሩትን ቅኔ ከነቀኑ፥ ከነበዓሉ፥ ከነምሥጢሩ ይጻፍ። ወጪው ወረቀትና ቀለም ነው። ቅኔው በማኅሌት አይደገምም የሚለው ሥርዐትም በዚህ አይፈርስም፤ መጻፍ መድገም አይደለምና። በደሴና በኮምቦልቻ በዘመናዊ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወንድሞችና እኅቶችም በዕረፍት ቀናቸው ወደ ቦሩ ወጥተው፥ በስልካቸው ድምፅ መቅረጫ የሊቃውንቱን ቃል ይያዙ። መንግሥቱ ለማ ለአንድ አባት ያደረገውን ለብዙ አባቶች ለማድረግ ዛሬ መሣሪያው በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ አለ። ሽማግሌዎቹ ግን እየቀነሱ ነውና፥ ነገ እንሄዳለን የሚል ሰው ነገ የሚያገኘው ጎጆውን ብቻ እንዳይሆን ያስብበት።